ያየውን ብቻ የተናገረ ሰው፤ የሬድ ባርበር የሕይወት ታሪክ

በአንድ ስፍራ የሆነውን ነገር በዓይኑ ያላየ ሰው፣ ያየውን ሰው ጠይቆ ይረዳል። ነጋሪው እውነተኛ ከሆነ ሰሚው እንዳየ ይቆጠራል፤ ነጋሪው ቀጣፊ ከሆነ ግን ሰሚው ሳያውቀው የሐሰት ተሸካሚ ይሆናል። ይህ ከጥንት የነበረ ነገር ነው። ራዲዮ ከተፈጠረ ወዲህ ግን ነገሩ እጅግ ሰፋ። አንድ ሰው በአንድ ማይክሮፎን ፊት ተቀምጦ የሚናገረውን፣ ቍጥራቸው የበዛ ሰዎች በየቤታቸውና በየሱቃቸው ሆነው ይሰሙታል። ባየው ላይ ቢጨምር ወይም ካየው ቢቀንስ፣ በዚያው ሰዓት ሊያርመው የሚችል አድማጭ የለም።

በዚህ ጽሑፍ የሕይወቱን ታሪክ በአጭሩ የምንተርክላችሁ ሰው ሬድ ባርበር ይባላል። ሥራው የኳስ ጨዋታ በራዲዮ ማሰማት ነበር። ሥራው ለአንዳንዱ ሰው እንደ ቀላል ነገር ይታየው ይሆናል። ይሁን እንጂ በዚህ ቀላል በሚመስል ሥራ ውስጥ ባርበርን ሁለት ታላላቅ ፈተናዎች ገጥመውታል፤ አንዱ ከገዛ አስተዳደጉ፣ ሌላው ከአሠሪዎቹ የመጣ ነበር። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

አስቀድሞ ስለ ጨዋታው ጥቂት እንበል። ቤዝቦል አሜሪካኖች እንደ ብሔራዊ ጨዋታቸው የሚቆጥሩት ነው። ዘጠኝ ዘጠኝ ሰዎች ያሉባቸው ሁለት ቡድኖች ይጋጠማሉ። የአንደኛው ወገን ወርዋሪ ኳሷን በኃይል ይወረውራል፤ የሌላው ወገን መቺ በዱላ ይመታታል። በዱላና በኳስ በመሆኑ የእኛን የገና ጨዋታ ቢያስታውስም አጨዋወቱ ሌላ ነው፤ መቺው ሦስት ማረፊያዎችን ዞሮ ከተነሣበት ቦታ ሲመለስ ለቡድኑ አንድ ነጥብ ያገኛል። ጨዋታው ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈጃል፤ ከዚህም ጊዜ አብዛኛው የሚያልፈው በመጠባበቅ ነው። ወርዋሪው ያስባል፤ መቺው ዱላውን ያስተካክላል፤ ተመልካቹ ይጠብቃል። እንግዲህ በራዲዮ የሚናገረው ሰው ይህን ሁሉ ባዶ ጊዜ በቃል መሙላት አለበት። የፈጠራ ወሬ ፈተና የሚመጣውም ከዚህ ላይ ነው።

በፒትስበርግ ከተማ ኬ.ዲ.ኬ.ኤ. የተባለው ጣቢያ የፕሬዚዳንት ምርጫ ውጤት በማሰማት ሥራውን የጀመረው ኖቬምበር 2 ቀን 1920 ነው። በዓመቱ ኦገስት 5 ቀን 1921፣ ሃሮልድ አርሊን የተባለ የ25 ዓመት ወጣት ፎርብስ ፊልድ ከሚባለው ሜዳ ገብቶ፣ የስልክ መናገሪያ እንደ ማይክሮፎን ይዞ፣ የፒትስበርግና የፊላዴልፊያ ቡድኖችን ግጥሚያ አሰማ። ፒትስበርግ 8 ለ 5 አሸነፈ። አርሊን የዌስቲንግሐውስ ኩባንያ ሠራተኛ እንጂ በንግግር የታወቀ ሰው አልነበረም፤ ይሁን እንጂ የትልልቆቹን ቡድኖች ጨዋታ በራዲዮ በማሰማት የመጀመሪያው ሰው እርሱ ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1923 ግራሃም ማክናሚ የተባለ ዘፋኝ ከኒው ዮርክ የዓመቱን የፍጻሜ ግጥሚያ አሰምቶ ስሙ በአገሩ ሁሉ ታወቀ። ድምፁ እጅግ ያማረ ነበረ፤ ነገር ግን በስሜት እየተወሰደ ጨዋታውን ስለሚስተው፣ አንዳንድ ጋዜጠኞች በሜዳ የሚታየውና ማክናሚ የሚያወራው ሁለት የተለያዩ ጨዋታዎች ናቸው እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

የቡድን ባለቤቶችም ራዲዮን የሚያዩት በሁለት ዓይነት መንገድ ነበር። በቺካጎ ከተማ የአንዱ ቡድን ባለቤት ዊልያም ሪግሊ፣ ጨዋታውን በቤቱ የሰማ ሰው ነገ ሜዳ ለመምጣት ይጓጓል ብሎ ለጣቢያዎች በሩን ከፈተ። ሦስቱ የኒው ዮርክ ቡድኖች ግን በነጻ የሚሰማ ሰው ቲኬት አይገዛም ብለው እስከ 1938 ድረስ ጨዋታቸው በራዲዮ እንዳይሰማ ተስማሙ።

ሌላም ልማድ ነበረ። ቡድኑ ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ ሲጫወት፣ ጣቢያው ወጪ ለመቀነስ ሰው አይልክም። በሜዳው ያለው የቴሌግራፍ ሠራተኛ አጭር ምልክት ይልካል፤ በጣቢያው የተቀመጠው ተናጋሪ ከዚያ ምልክት ተነሥቶ በሜዳው ላይ ያለ አስመስሎ ያወራል። እንጨት በእንጨት እየመታ የዱላውን ድምፅ ያሰማል፤ የሕዝብ ጩኸት በሸክላ ያጫውታል። ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ሮናልድ ሬገን በወጣትነቱ በዴ ሞይን ከተማ ይህን ሥራ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ቴሌግራፉ በጨዋታው መካከል ቢቋረጥበት፣ መቺው ኳሷን ደጋግሞ ከመስመር ውጭ እንደመታ እያወራ ብዙ ደቂቃ ማሳለፉን ራሱ እየሣቀ ይተርከው ነበር። አድማጩም ሁሉን አመነ።

ሬድ ባርበር ወደዚህ ዓይነት ዓለም ነው የገባው።

ሙሉ ስሙ ዋልተር ላኒየር ባርበር ሲሆን፣ ሬድ የተባለው በጠጕሩ ቅላት ነው። የተወለደው ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1908 በሚሲሲፒ ክፍለ ሀገር በኮሎምበስ ከተማ ነው። አባቱ የባቡር ነጂ፣ እናቱ አስተማሪ ነበሩ። ከእናቱ የቋንቋ ፍቅር፣ ከአባቱ የተረት ለዛ ወረሰ። ዐሥር ዓመት ሲሆነው ቤተ ሰቡ ወደ ፍሎሪዳ ሄዶ በሳንፎርድ ከተማ ተቀመጠ። ደቡቡ በዚያን ጊዜ ነጭና ጥቁር በሕግ ተለያይተው የሚኖሩበት አገር ነበር። በትምህርት ቤት፣ በባቡር፣ በምግብ ቤት፣ በመቃብርም ሳይቀር ልዩነት ነበረ። ልጁ ባርበር ይህን ሁሉ እንደ ፀሐይ መውጣትና መግባት ያለ የተፈጥሮ ሥርዓት አድርጎ ተቀብሎት አደገ።

ለአካለ መጠን ሲደርስ አስተማሪ ለመሆን አስቦ በጌይንስቪል ወደሚገኘው ወደ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። ገንዘብ ስላልነበረው እየሠራ ይማር ጀመር፤ መምህራን በሚኖሩበት ቤት ያጸዳ ነበር። ዩኒቨርሲቲው የራሱ የሆነ አነስተኛ የራዲዮ ጣቢያ ነበረው። በ1930 ጃንዋሪ አንድ ቀን፣ በዚያ ቤት የሚኖሩ አንድ መምህር የገበሬዎች ፕሮግራም አዘጋጅተው ሳለ፣ ሦስት ጽሑፎችን በአንድ ድምፅ ማንበብ አድማጭን ያሰለቻል ብለው አንዱን እንዲያነብላቸው ባርበርን ለመኑት። እርሱ ግን ሥራ አለብኝ ብሎ እንቢ አለ። እራት እንደሚጋብዙት ቃል ሲገቡለት እሺ አለ። ያነበበው ጽሑፍ ስለ ላሞች አወላለድ ነበር። ስለ ጥጃ መውለድ ባነበበው በዚያ ጽሑፍ ምክንያት የጣቢያው ኃላፊ ድምፁን ሰምቶ ሥራ ሰጠው። ባርበርም ብዙ ሳይቆይ ትምህርቱን ትቶ የራዲዮ ሰው ሆነ።

የመጀመሪያው የእግር ኳስ ሥራው ግን ውርደት ነበር። በአሜሪካኖቹ የእግር ኳስ ግጥሚያ ላይ ምንም ሳይዘጋጅ ገብቶ ማን ከማን እንደሆነ መለየት ስላቃተው፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሥራው ለሌላ ተሰጠ። ባርበር ግን ኰርፎ አልተቀመጠም። የቡድኑ ልምምድ ወደሚደረግበት ሜዳ እየሄደ፣ አሠልጣኞቹን እየጠየቀ፣ የተጫዋቾችን ስምና ቦታ አጥንቶ ተመለሰ። ሳይዘጋጁ ማይክሮፎን መያዝ አድማጭን ማታለል መሆኑን ከዚያን ቀን ጀምሮ አልረሳም። በ1931 ላይላ ስካርቦሮ የተባለች አስታማሚ አገባ።

በ1934 የፋብሪካና የራዲዮ ጣቢያ ባለቤት የሆነው ፓወል ክሮስሊ የሲንሲናቲን የቤዝቦል ቡድን ገዛ፤ ለዚሁም የሚናገር ሰው አስፈለገው። ባርበር ከዚያ በፊት በየከተማው እየዞረ ሥራ ጠይቆ ሳይሳካለት ቀርቶ ነበር። አሁን ሲጠሩት፣ ደመወዙ ዝቅተኛ ቢሆንም ወዲያው ሄደ። ኤፕሪል 17 ቀን 1934 በራዲዮ ያሰማው ጨዋታ፣ በሕይወቱ ያየው የመጀመሪያው የትልልቅ ቡድኖች ጨዋታ ነበር። ሲንሲናቲ በቺካጎ 6 ለ 0 ተሸነፈ። በሚቀጥለው ዓመት ሜይ 24 ቀን 1935፣ በትልልቆቹ ቡድኖች ታሪክ የመጀመሪያው የሌሊት ጨዋታ በዚያው በሲንሲናቲ ተደረገ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በዋሽንግተን ሆነው ቍልፍ ሲጫኑ የሜዳው መብራት ሁሉ በራ፤ ከ20,000 በላይ ተመልካችም ተሰብስቦ ነበር። ያንን ሌሊት ለአገሩ ካሰሙት ሰዎች አንዱ ባርበር ነበር።

በዚያው ዓመት መጨረሻ የፍጻሜውን ግጥሚያ እንዲያሰማ ተመረጠ። ከጨዋታው በፊት የቤዝቦል የበላይ ዳኛ የነበረው ኬነሶ ላንዲስ ተናጋሪዎቹን ሰበሰበ። ይህ ሽማግሌ ቀድሞ የፍርድ ቤት ዳኛ ስለነበረ ቃሉ ከባድ ነው። የሰጣቸው ትእዛዝ ይህ ነው፤ ተጫዋች መጥቶ በላንዲስ ፊት ላይ ቢተፋ፣ ስንት እርምጃ እንደተራመደ፣ ምራቁም የት እንደወደቀ፣ ላንዲስም ምን እንዳደረገ ይናገሩ፤ ተጫዋቹ መትፋት ይገባው ነበር ወይስ አይገባውም የሚለውን ግን ለሌላ ይተዉ። ባርበር ይህን ምክር እስኪሞት ድረስ ሲያስታውሰው ኖረ።

የሲንሲናቲ ቡድን ሹም የነበረው ላሪ ማክፌይል ወደ ብሩክሊን ቡድን ተዛውሮ የኒው ዮርኮቹን ስምምነት ባፈረሰ ጊዜ፣ በ1939 ባርበርን አስመጣው። ከደቡብ የመጣው ሰው ለስላሳ አነጋገሩንና የገበሬ ምሳሌውን ይዞ፣ ከየአገሩ የተሰበሰበ ሕዝብ በሚኖርበት በብሩክሊን ተቀመጠ። በበጋ ቀን በመንገድ የሚያልፍ ሰው ከየመስኮቱ ድምፁን እየሰማ ጨዋታውን ሳያቋርጥ መከታተል ይችል ነበር ይባላል። በዚያው ዓመት ኦገስት 26 ቀን፣ የትልልቅ ቡድኖች ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ በቴሌቪዥን ሲታይ ተናጋሪው እርሱ ነበር። ካሜራዎቹ ሁለት ብቻ ነበሩ፤ የትኛው እንደሚሠራም የሚያይበት መሣሪያ ስላልነበረው በግምት ይናገር ነበር።

የአሠራሩ ዘዴ ቀላል ነው። ከፊቱ የሦስት ደቂቃ የአሸዋ ሰዓት፣ ዕንቍላል ለመቀቀል የሚያገለግለውን፣ ያስቀምጣል። አሸዋው ባለቀ ቍጥር ውጤቱን ይናገራል፤ ምክንያቱም ዘግይቶ ራዲዮውን የከፈተ ሰው ከሁሉ በፊት ማወቅ የሚፈልገው ማን እየመራ እንደሆነ ነው። ከሩቅ ከተማ በቴሌግራፍ የሚመጣውን ጨዋታ ሲያሰማ የቴሌግራፉን መሣሪያ ከማይክሮፎኑ አጠገብ አድርጎ ጠቅ ጠቅ ሲል እንዲሰማ ያደርግ ነበር። ሌሎቹ አድማጩን በሜዳ ያሉ ሲያስመስሉት፣ እርሱ ግን በጣቢያ ተቀምጦ ከሽቦ የመጣለትን እንደሚናገር ሕዝቡ እንዲያውቅ ፈለገ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ለቍስለኞች ደም እንዲሰጥ አድማጩን ቢጠይቅ፣ ብዙ ሕዝብ ወደ ቀይ መስቀል ጐረፈ። እንግዲህ የታመነ ድምፅ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከዚህ ይታያል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ፈተና ደረስን።

በ1945 ማርች፣ የቡድኑ አዲስ ሹም ብራንች ሪኪ ባርበርን በብሩክሊን አንድ ምግብ ቤት አስቀምጦ ምስጢር ነገረው። ሪኪ በወጣትነቱ የኮሌጅ ቡድን አሠልጣኝ ሳለ ቻርልስ ቶማስ የሚባል አንድ ጥቁር ተጫዋች ነበረው። በደቡብ ቤንድ ከተማ ሆቴሉ ቶማስን አላሳድርም አለ፤ ሪኪ ተከራክሮ ከራሱ ክፍል ውስጥ ሊያስተኛው ሲያስገባው፣ ወጣቱ አልጋ ላይ ተቀምጦ እያለቀሰ የእጁን ቆዳ ሊልጥ እንደሚፈልግ ይቧጥጠው ጀመር። ሪኪ ያ ልቅሶ አርባ ዓመት ሙሉ ከጆሮው አልወጣም። ስለዚህ ጥቁር ተጫዋች ወደ ብሩክሊን ሊያመጣ ቈርጧል።

ባርበር መልስ ሳይሰጥ ዝም አለ። ወደ ቤቱም ሄዶ ሥራውን እንደሚለቅ ለሚስቱ ነገራት። እርሷም ነገሩን በዚያች ሌሊት እንዳይወስን መከረችው። በሚቀጥሉት ቀኖች ባርበር ራሱን ይመረምር ጀመር። አባትና እናቱን የመረጠው እርሱ አይደለም፤ የተወለደበትን አገርና የቆዳውን መልክም አልመረጠም። ታዲያ በራሱ ምርጫ ባላገኘው ነገር የሚኰራበት ምክንያት ምንድር ነው? ቤተ ክርስቲያኑ ስለ ወንድማማችነት ንግግር እንዲያደርግ ጠይቆት ነበርና፣ ያንን ሲያዘጋጅ ለሌሎች ሊሰብክ ያሰበው ቃል ወደ ራሱ ተመለሰበት። የላንዲስም ምክር ትዝ አለው። ሥራው ተጫዋች መምረጥ አልነበረም፤ በሜዳው የሚሆነውን ማየትና መናገር ብቻ ነበር። ስለዚህ ሥራውን ላለመልቀቅ ወሰነ።

ኤፕሪል 15 ቀን 1947 ጃኪ ሮቢንሰን የብሩክሊንን ልብስ ለብሶ ሜዳ ገባ። በዚያ ዘመን የትልልቆቹ ቡድኖች በር ለጥቁሮች ተዘግቶ ብዙ ዓመታት አልፈው ነበር። ሮቢንሰን ከተመልካችና ከተጋጣሚ ብዙ ስድብ ተቀበለ። በዚህ ጊዜ የባርበር ድምፅ ትልቅ ነገር ሠራ፤ የሠራውም አንዳች የተለየ ነገር ባለማድረግ ነው። ሮቢንሰን ሲመታ መታ፣ ሲስት ሳተ፣ ሲሮጥ ሮጠ ብሎ ተናገረ። አላዘነለትም፤ አላንቋሸሸውምም፤ እንደ ማንኛውም ተጫዋች ቈጠረው። የደቡብ ሰው የሆነው ባርበር እንዲህ ሲናገር የሰማ አድማጭ፣ ነገሩ የተለመደ መሆኑን ቀስ በቀስ ተቀበለ። ባርበር የተማረበት የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ እንኳ ጥቁር ተማሪ የተቀበለው ከዚያ ዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ በ1958 መሆኑን ስናስብ፣ ይህ ሰው ከራሱ አስተዳደግ ምን ያህል ርቆ እንደሄደ እንረዳለን።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር 3 ቀን በፍጻሜው ግጥሚያ፣ የያንኪዎቹ ወርዋሪ ቢል ቤቨንስ ብሩክሊኖች አንዲት ኳስ እንኳ በሚገባ እንዳይመቱ አድርጎ ብዙ ጊዜ ቈየ። እንዲህ ያለውን ነገር መናገር ለወርዋሪው መጥፎ ዕድል ያመጣል የሚል አጕል እምነት ስለነበረ፣ ከባርበር በፊት የነበረው ተናጋሪ ዝም ብሎ አለፈው። ባርበር ተራው ሲደርስ ግን እንዳለ ለአድማጩ ተናገረ። በመጨረሻው ሰዓት ኩኪ ላቫጌቶ የተባለ የብሩክሊን ሰው መትቶ ቡድኑን 3 ለ 2 አሸናፊ አደረገ። ብዙዎች ባርበርን ወቀሱት፤ እርሱ ግን አድማጭ ሊያውቀው የሚገባውን መደበቅ ሥራው እንዳልሆነ ያምን ነበር።

ለወጣቶችም ጥሩ መምህር ነበረ። በ1949 ከፎርድሃም ዩኒቨርሲቲ የተመረቀውን ቪን ስከሊን ለሙከራ ወደ ቦስተን ላከው። ወጣቱ ምቹ ክፍል የሚያገኝ መስሎት ካፖርቱን ትቶ ስለወጣ፣ በሜዳው ጣሪያ ላይ ቆሞ በብርድ እየተንቀጠቀጠ ጨዋታውን አሰማ፤ በራዲዮ ግን አንዲት የማማረር ቃል አልተናገረም። ባርበር ይህን ካወቀ በኋላ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ብሩክሊን አመጣው። ስከሊ እስከ 2016 ድረስ በዚያው ቡድን ሠርቶ በ2022 ሞተ።

በ1953 ባርበር የፍጻሜውን ግጥሚያ ለማሰማት የሚከፈለውን ገንዘብ ራሱ እንዲነጋገርበት ጠየቀ። አስተዋዋቂው ድርጅት እንቢ ሲል፣ የቡድኑም ባለቤት ሳይደግፈው ሲቀር ሥራውን አልሠራም ብሎ ተወ፤ ቦታውንም ያ የ25 ዓመት ወጣት ስከሊ ያዘ። ባርበር በሚቀጥለው ዓመት ወደ ያንኪዎች ተዛወረ።

ሁለተኛው ፈተና የመጣው ከዚያ ነው። ያንኪዎች በ1966 በሊጋቸው መጨረሻ ሆኑ። ሴፕቴምበር 22 ቀን፣ ከ60,000 በላይ ሰው በሚይዘው ሜዳ የተገኘው ተመልካች 413 ሰው ብቻ ነበር። ባርበር የቴሌቪዥኑን ካሜራ ወደ ባዶው ወንበር እንዲያዞሩለት ጠየቀ፤ አልተፈቀደም። ደግሞ ጠየቀ፤ አሁንም አልተፈቀደም። በዚህ ጊዜ የዚያ ቀን ታላቁ ወሬ ጨዋታው ሳይሆን የሕዝቡ ማነስ መሆኑን በማይክሮፎኑ ተናገረ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ውሉ እንደማይታደስ ተነገረው። ውሳኔው ከዚያ ቀን አስቀድሞ የተደረገ ነው የሚሉም አሉ። ያም ሆነ ይህ፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት በትልልቆቹ ቡድኖች ማይክሮፎን ፊት የተቀመጠው ሰው በዚህ ተሰናበተ።

ባርበር ወደ ፍሎሪዳ ተመልሶ መጻሕፍት ጻፈ፤ ከነዚህም አንዱ ስለ 1947ቱ ዓመት የሚተርከው በ1982 የታተመው ነው። በ1978 የቤዝቦል የክብር ቤት ለራዲዮ ተናጋሪዎች የሚሰጠውን ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ፣ ከተቀበሉት ሁለት ሰዎች አንዱ እርሱ ነበር። ከ1981 ጀምሮ ደግሞ በየሳምንቱ ዓርብ ጧት ለጥቂት ደቂቃ በብሔራዊው የሕዝብ ራዲዮ ይናገር ነበር፤ ስለ ኳስ ብቻ ሳይሆን ስለ ግቢው አበቦችና ስለ ድመቶች ጭምር። ኦክቶበር 22 ቀን 1992 በ84 ዓመቱ በታላሃሲ ከተማ ሞተ። ወረቀቶቹና መጻሕፍቱ ዛሬ የሚገኙት፣ ወለል ይጠርግበት በነበረው በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሰው ሕይወት ምን እንማራለን? እውነትን መናገር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በሌላው ላይ የሚነገረውን እውነት ነው። ባርበር ባዶውን ወንበር ለሕዝብ ለመናገር ከመድረሱ ከሃያ ዓመት በላይ አስቀድሞ፣ የገዛ ልቡን ባዶነት በአንዲት ሌሊት አይቶ ለራሱ ተናግሯል። የመጀመሪያውን ባይችል ሁለተኛውን አይችልም ነበር ብለን እናምናለን። እኛም ነገ ከመካከላችን ብዕር፣ ጠመኔ ወይም ማይክሮፎን የሚይዝ ይኖራል። ያን ቀን የሚሰማን ሰው ባላየበት ቦታ ዓይኑ ሆነን መቀመጣችንን፣ አሸዋውም ባለቀ ቍጥር ውጤቱን እንዳለ የመናገር ዕዳ እንዳለብን ማስታወስ ይገባናል።